ከያዝሽ አትልቀቂ

ቀይዋ ቦርሳ ዛሬም አምቡላንሱ ውስጥ ከታካሚው አልጋ በላይ ተንጠልጥላለች። በውስጧ የጭን አጥንቱ የተሰበረ ሰው እግሩ ተጎትቶ የሚታሰርበት ብረት አለ። በሙያችን ስሙ ትራክሽን ስፕሊንት ነው፤ እኛ አሳጥረን «ትራክሽን» እንለዋለን። ሾፌራችን ግን «ክራር» ነበር የሚላት። ሁለት ረዣዥም ዘንጎች አሏት፤ ላይኛው ጫፏ ከመቀመጫ አጥንት ሥር የሚያርፍ፣ ስፖንጅ የለበሰ ቅስት ነው፤ ታችኛው ጫፏ ላይ የቁርጭምጭሚቱን ማሰሪያ እየጠቀለለች የምታጠብቅ መዘውር አለች። መዘውሯን ባዞርኳት ቁጥር ቀጭ፣ ቀጭ፣ ቀጭ ትላለች። «ሲስተር፣ ክራሯን ቃኚያት እንጂ፣ እኔ ልዝፈን!» ይለኝ ነበር። በቤተ ክርስቲያናቸው ዘማሪ ስለሆነ ዘፈን የሚባል ነገር ከአፉ አይወጣም፤ ታካሚው ፈገግ እንዲል ብቻ ነው። ከዚያ ክረምት ወዲህ እንደዚያ ብሎ አያውቅም።

ብረቷን እንዴት እንደምንገጥም የተማርነው ነቀምቴ ነው። ያሠለጠነን ሰው ከሁሉ አስቀድሞ ያስያዘን አንድ ሕግ ነበር። አንዱ ሠራተኛ የታካሚውን ተረከዝና የእግሩን ጀርባ በሁለት እጁ ይዞ ቀስ እያለ ይጎትታል፣ ሌላው ብረቱን ይገጥማል። «ከያዝሽ አትልቀቂ» አለን። «እጅሽ ይዛል፣ ታካሚው ይሳደብ፣ ዝንብ አፍንጫሽ ላይ ትረፍ፣ አትልቀቂ።» ብረቱን የሚገጥመው ሲጨርስና ጉተታው ወደ ብረቱ ሲተላለፍ «ይዣለሁ» ይላል። የጎተተው ሰው እጁን የሚያነሳው ያን ቃል ሲሰማ ብቻ ነው።

ምክንያቱን ለማያውቅ ሰው ጭካኔ ይመስላል። የተሰበረ እግር ይጎተታል? ነገሩ ግን እንዲህ ነው፤ የጭን ጡንቻ ኃይለኛ ነው። አጥንቱ ሲሰበር ጡንቻው ተኮማትሮ የተሰበሩትን ጫፎች ያደራርባቸዋል፤ የሾለው አጥንት ሥጋውን ይወጋል፤ ውጭ ጠብታ ሳይታይ ጭኑ በደም ይሞላል። ጭን ብዙ ደም ይደብቃል። እግሩ ቀጥ ብሎ ሲጎተት ሕመሙም ይታገሣል፣ ደሙም ይቀንሳል። ሰው መንገዱን እንዲችለው የሚያደርግ ነገር ነው፤ ፈውሱ ሆስፒታል ነው።

እኔ የቡሬ ልጅ ነኝ፣ ጎጃም። ከነቀምቴ ወደ ሰሜን የሚሄደው መንገድ ጊዳ አያናን አልፎ፣ ዓባይን ተሻግሮ፣ ቡሬ ነው የሚወጣው። ተመድቤ ስመጣ እናቴ «አገርሽ በዚያው መንገድ ጫፍ ነው፣ ምን ይርቃል» ብላ ነበር የሸኘችኝ። በኋላ ግን አገሩ ታወከ፣ መንገዱም ተዘጋ፤ እናቴን ሳላያት ዓመታት ሄዱ። ነቀምቴ፣ ባኬ ጃማ በሚባለው ሰፈር አንዲት የወለጋ እናት ግቢ ውስጥ ተከራይቼ እኖራለሁ። ጠዋት በወጣሁ ቁጥር «አካም ቡልቴ፣ ልጄ» ይሉኛል፤ እንዴት አደርሽ ማለታቸው ነው። እሳቸው ጴንጤ ናቸው፣ ጾም የሚባል ነገር የላቸውም፤ በጾም ወራት ግን ጨጨብሳውን በዘይት ሠርተው በሬን ያንኳኳሉ። «ቅቤ የለበትም። ምጣዱንም አጥቤዋለሁ፤ እንዳትጠራጠሪኝ።» እኔ ጠርጣራ መሆኔን ያውቃሉ። ነገር ሁለቴ ሳላይ አልተውም፤ በሥራዬም እንደዚያው ነኝ።

በየተራ ወደ አንገር ጉትን ጤና ጣቢያ ከአምቡላንሱ ጋር እንላካለን። ተራዬ ሲደርስ ሁልጊዜ አንድ የማልናገረው ደስታ ነበረኝ፤ ወደ እናቴ አቅጣጫ ነው የምሄደው። ከዚያ ደግሞ ታካሚ ይዤ ወደ ኋላ መመለስ አለ።

ያ ቀን በፍልሰታ ጾም መጀመሪያ ላይ ነበር። ዝናቡ ከማለዳ ጀምሮ ሲወርድ ቆይቶ ረፋዱ ላይ ጋብ እንዳለ አንድ አይሱዙ መኪና ጥሩምባውን እየነፋ ግቢያችን ገባ። አራት ወንዶች ገና ያልተገጠመ የቆርቆሮ በር ላይ አንዲት ወጣት ሴት አስተኝተው አወረዱ። ቤተሰቡ ከወሎ መጥቶ ጊዳ አያና ከሰፈረ ብዙ ጊዜው ነው። ቤታቸው በሁከቱ ጠፍቶ፣ ተፈናቅለው ኖረው፣ በዚያ ክረምት ተመልሰው እንደ አዲስ እየሠሩ ነበር። ልጅቷ የባሕር ዛፍ አጣና በጫነው መኪና ላይ ተቀምጣ ስትመጣ መኪናው ጭቃው ላይ ተንሸራተተ፤ እሷ ወደቀች፣ አጣናውም ተከትሏት ወደቀ።

ቀኝ ጭኗ አብጦ ጎብጧል። አንድ ሰው በነጠላ ጠፍሮ ከዱላ ጋር አስሮታል። ፊቷ አመድ መስሏል፣ አፏ ግን አልሞተም ነበር።

«በሩን እንዳትወስዱት» አለችን፣ ጥርሷን ነክሳ። «ገና አልገጠምነውም።»

«በር ለምኔ» አላት ሾፌሩ። «የኔ ቤት መስኮትም ይበዛበታል።»

«እኛ ዘንድ ግን በሩ ጠብ አለበት። እማ ወደ ጓሮ ይዙር ትላለች፣ እኔ ወደ መንገድ።»

«መንገድ ምን አየሽበት?» አለች እናቷ ከበስተኋላ። ቀጭን፣ ረጅም ሴት ናት፤ ስንቋን በጨርቅ ቋጥራ በብብቷ ይዛለች። «መንገድ ያመጣውን አላየሽም?»

«ሰው ያልፍበታል እማ። ሰው ሲያልፍ አያለሁ።»

እኔ ልብሷን በመቀስ ቀድጄ ገላዋን እየመረመርኩ ነው። ዳሌዋን በሁለት እጄ ያዝኩት፤ አላመማትም፣ አልተንቀሳቀሰም። ሆዷን ዳበስኩት፤ ግራ ጎኗ ላይ «ትንሽ ይወጋኛል» አለች፤ አጣናው መቷት እንደሆነ ጠረጠርኩ። ደም ሥር በሁለቱም ክንዷ አገኘሁ፣ ግሉኮስ ሰቀልኩ፣ ማስታገሻ ወጋኋት። ጫማዋን አውልቄ የእግሯን ጀርባ ትርታ ፈለግሁ፤ አለ። በየጊዜው ስፈልገው እንዳይጠፋብኝ ቦታው ላይ በእስክርቢቶ ትንሽ መስቀል አደረግሁ።

ከዚያ ሾፌሩ ተረከዟን ይዞ ጎተተ። ጮኸች፣ ሰደበችው፤ «የማን ጎረምሳ ነህ፣ ልቀቀኝ!» እሱም እየጎተተ «ስደቢኝ፣ ኢንታላ ኮ፣ ስድብሽ ጥሩ ነው፣ ጃባዱ» ይላታል። ልጄ፣ በርቺ ማለቱ ነው። ብረቷን ከጤናማው እግሯ ጋር ለካሁ፣ አስገባሁ፣ ቅስቱን ከመቀመጫዋ ሥር አሳረፍኩ፣ የቁርጭምጭሚቱን ማሰሪያ መንጠቆው ላይ አያያዝኩ። ቀጭ፣ ቀጭ፣ ቀጭ። የጎበጠው ጭን ዓይናችን እያየ ቀና አለ። ስድቧም እየቀነሰ ሄደና በረጅሙ ተነፈሰች።

«ይዣለሁ» አልኩ።

ሾፌሩ እጁን አነሳ። ልጅቷ አንገቷን ቀና አድርጋ እግሯን አየች፤ ቀጥ ብሏል፣ ከቁርጭምጭሚቱ ታስሯል።

«ሳልሞት ገነዛችሁኝ እንዴ?» አለች።

«ሬሳ እንዲህ አይሳደብም» አላት ሾፌሩ፤ ሁለቱም ሳቁ። እኔም ሳቅሁ። እናቷ ግን አልሳቀችም። እኛ ዘንድ ሰው ሲሞት ገላው ታጥቦ፣ እጅና እግሩ ተቃንቶ፣ የእግሩ አውራ ጣቶች በክር ይታሰራሉ። የሕያው እግር ሲታሰር ማየት ለእናት ምን እንደሚመስል አውቃለሁ፤ እኔም የዚያ አገር ልጅ ነኝ። ስለዚህ ወደ እሷ ዞሬ፣ ዝቅ ብዬ፣ ምክንያቱን ሁሉ ነገርኳት። «እማማ፣ ይህ ማሰሪያ ነው ደሟን የያዘላት። ነቀምቴ እስክንደርስ እንዳይፈታ። እሷ ብትለምንዎ እንኳ አይፍቱላት።»

«እሺ» አለች።

«እሺ»ን ስንት ዓመት ሙሉ ሰምቼዋለሁ። ካኪ ወይም ነጭ ለለበሰ ሰው የሚሰጥ እሺ አለ፤ ማክበሪያ ነው፣ መስማማት አይደለም። ባለ ነገሩ የልቡን በልቡ ይዞ አንገቱን ዝቅ ያደርጋል። እንዲህ ያለውን እሺ ከልብ ከሆነው እሺ የሚለይ ጆሮ እግዚአብሔር ለማን እንደሰጠ አላውቅም።

መኪናው ወጣ። ሾፌሩ ፊት ብቻውን፣ እኛ ሦስታችን ከኋላ። የአንገርን ድልድይ እስክናልፍ ልጅቷ ዓይኗን ጨፍና ነበር፤ እግሯ ሞቅ ያለ፣ ትርታዋ ከእስክርቢቶዬ መስቀል ሥር ቱክ ቱክ ይላል። እናቷ ትክ ብላ አየችኝ።

«የማን አገር ልጅ ነሽ?»

«ጎጃም። ቡሬ።»

«ማዶ ነሽ። እናት አለችሽ?»

«አለችኝ።»

«እንግዲያ እሷም እንዳንቺ መንገድ መንገድ ታያለች።» ከዚያ በጣቷ የልጇን እግር አመለከተች። «መስቀልሽን ወድጄዋለሁ። ማሰሪያሽን ግን አልወደድኩትም።»

«አውቃለሁ፣ እማማ። ግን እሱ ነው የሚያደርሳት።»

«እሺ» አለች ደግማ።

ትንሽ እንደሄድን ገመድ የተዘረጋበት ኬላ ደረስን። በዚያ ሰሞን ታካሚና አንድ አስታማሚ መኪናው ውስጥ ይቆያሉ፤ ሾፌርና ባለሙያ ወርደው መታወቂያ ያሳያሉ፣ ይጠየቃሉ። ከመውረዴ በፊት ትርታዋን አየሁ፣ ማሰሪያውን አየሁ፣ ግሉኮሱን አየሁ። «መጣሁ» አልኩ። ፈታሹ ወጣት ነው፣ ክፉም አልነበረም፤ ግን ቀስ ይላል። «ጎጃም? እዚህ ምን አመጣሽ?» «ሥራ።» «ሥራ ጎጃም ጠፋ?» ሾፌሩ በኦሮምኛ ጣልቃ ገብቶ «እሷ የኛ ሰው ናት፣ ጠብ ከፈለግክ እኔን» አለው፤ ተሳሳቁ። በመጨረሻ ገመዱ ወረደ።

የኋላውን በር ስከፍት መጀመሪያ ያየሁት ቢላውን ነው። የዳቦ መቁረጫ ቢላ፣ ከስንቁ ጨርቅ ላይ። ከዚያ ማሰሪያውን አየሁ፤ ከቁርጭምጭሚቱ ላይ ለሁለት ተቆርጦ ወድቋል። መቆለፊያው አልፈታ ብሏት ነው። እግሩ አጥሮ፣ ወደ ውጭ ዞሮ ተኝቷል። እናቲቱ ተንበርክካ የልጇን ጣቶች አንድ በአንድ እያሸች ነው።

«ጠየቀችኝ» አለችኝ፣ ቀና ብላ። ፊቷ ላይ እፎይታ ነበር፤ እሱን ነው እስካሁን የማልረሳው። «እማ፣ ፍቺልኝ አለችኝ። ምነው፣ እግሯ ታስሮ ነፍሷ ይውጣ? ፈታሁላት። አየሽ፣ ዝም አለች።»

ልጅቷ ዝም ያለችው ስለደከመች ነበር፤ ፊቷ ላይ ደም የለም። ጭኗ እጄ ሥር እንደ ከበሮ ተወጥሯል። ትርታውን ፈለግሁ፣ ከመስቀሉ ሥር፤ ፈለግሁ፣ አለ፣ ግን ክር ሆኗል።

ያን ጊዜ እናቲቱን አልተቆጣሁም። ደግ ስለሆንኩ አይደለም፤ ጊዜ አልነበረኝም። ሾፌሩን ጠራሁት፣ መጥቶ ጎተተ። አሁን አልሰደበችውም። ነጠላዬን ከትከሻዬ አውርጄ፣ ቀድጄ፣ በቁርጭምጭሚቷ ዙሪያ ማሰሪያ አበጀሁ፤ መንጠቆው ላይ አሰርኩት፣ መዘውሯን አዞርኩ። ቀጭ፣ ቀጭ። ቀና አለ። «ይዣለሁ» አልኩት፣ ሾፌሩም ወደ መሪው ሮጠ። ግን ነጠላ ነጠላ ነው። መንገዱ ጉድጓድ ነው፤ መኪናው በዘለለ ቁጥር ጥጡ እየተለጠጠ፣ ቋጠሮው እየተንሸራተተ መጣ። የኡኬን ከተማ ሳናልፍ ረገበ። አጠበቅሁት፣ ደግሞ ረገበ። በመጨረሻ ከአልጋው ግርጌ ተንበረከክሁ፣ ተረከዟን በአንድ እጄ፣ የእግሯን ጀርባ በሌላው ያዝኩ፣ ጎተትኩ።

«ልቁም?» አለ ሾፌሩ በመስታወቱ እያየኝ።

«አትቁም። ንዳ።»

«ልሩጥ ወይስ ልጠንቀቅ?»

«ሁለቱንም።»

«ዋቃዮ» ብሎ አምላኩን ሲጠራ ሰማሁት፤ ከዚያ በኋላ ከንፈሩ ብቻ ይንቀሳቀስ ነበር። እኔም ውዳሴ ማርያም ጀመርኩ። የቀኑን ክፍል ስጨርስ ከመጀመሪያው እመለሳለሁ። እጄ መዛል ሲጀምር ከጎኔ አንድ ሰው ተንበረከከ። እናቲቱ ናት። ምንም ሳልላት ገብቷታል፤ ማሰሪያው ሲያደርግ የነበረውን እኔ በእጄ እያደረግሁ እንደሆነ አይታለች።

«እንዴት ነው የሚያዘው?»

«በእኔ እጅ ላይ ይያዙ። ቀስ ብለው ወደ ራስዎ ይሳቡ። አይንጡት። ከያዙ አይልቀቁ።»

«አልለቅም» አለች። እጇ ደረቅና ጠንካራ ነበር፤ የእኔን አስንቆ ይይዛል። የነቀምቴን ዳገት ሁለታችንም ጭንቅላት ለጭንቅላት ተደግፈን ወጣን። ልጅቷ አንዴ ዓይኗን ገለጠች።

«እማ።»

«ወዬ፣ የኔ ዓለም።»

«በሩ።»

«ወደ መንገድ ይሁን። ወደ መንገድ አደርግልሻለሁ። አንቺ ብቻ ነይልኝ።»

በሩ ዛሬ ወደ መንገድ ነው። በዚያ ሳልፍ አይቼዋለሁ። እናትየው ደጁ ላይ ተቀምጣ ነበር፤ አምቡላንሱን ስታይ ተነሳች፣ እጇን አላነሳችም፣ እኛም አልቆምንም።

ነቀምቴ ገብተን ቡርቃ ጃቶን ስናልፍ እግሯ እጃችን ውስጥ ቀዝቅዞ ነበር። እኔ ትርታውን መፈለግ አቁሜያለሁ፤ ለመፈለግ አንድ እጄን መልቀቅ ነበረብኝ። ሆስፒታሉ በር ላይ ሰዎቹ ዝግጁ ሆነው ጠበቁን፤ ቀድሞ ተደውሎላቸዋል። አልጋውን ሲያወርዱ እኔና እናቲቱ እግሩን እንደያዝን አብረን ወረድን፣ እንደያዝን ኮሪደሩን ሮጥን። ደም ሰቀሉላት። ሐኪሙ ደረቷን አዳመጠ፣ ጫነ፣ ደግሞ አዳመጠ፣ ደግሞ ጫነ። የሚችሉትን ሁሉ አደረጉ፤ ቆሜ አይቻለሁ። እኔ በልቤ አንድ ቃል ነበር የምጠብቀው። አንድ ሰው መጥቶ፣ ሌላ ብረት ይዞ፣ «ይዣለሁ» እንዲለኝ።

ሐኪሙ መነጽሩን አወለቀ።

«ሲስተር» አለኝ። «ልቀቂ።»

አልለቀቅሁም።

«ሲስተር። በቃ፣ ልቀቂ።»

ጣቶቼን እሱ ነው አንድ በአንድ ያላቀቃቸው። የእናቲቱን ግን የሚያላቅቅ ሰው አልነበረም። እስክትለቅ ተጠበቀች።

ሐኪሙ በኋላ ለብቻዬ ነገረኝ። ሆዷ ውስጥም ሳይደማ አልቀረም፤ አጣናው ግራ ጎኗን መቷታል። የጭኗ ብቻ ቢሆን ትተርፍ ነበር ወይ? ማሰሪያው ባይቆረጥ ትደርስ ነበር ወይ? «ማንም ይህን አያውቅም» አለኝ። «ማንም አውቃለሁ ቢልሽ አትመኚው።»

እናቲቱ ኮሪደሩ ላይ ወለሉ ላይ ተቀምጣለች። ጎኗ ተቀመጥኩ። ፊቷን ሳታዞር ተናገረች።

«ጾመኛ ነሽ?»

«ነኝ።»

«እንግዲያ በጾምሽ ይዤሻለሁ። የእመቤታችን ጾም ነው። ፈትቼ ነው የገደልኳት?»

አንዲት ቃል ነበር የፈለገችው። «አይደለም» ብላት በቂዋ ነበር። ሾፌሩ ግድግዳውን ተደግፎ ቆሞ ያየኛል፤ ዓይኑ «በያት፣ በያት» ይላል። እኔ ግን በእመቤታችን ጾም ተይዤያለሁ፤ የማላውቀውን አውቃለሁ ማለት ደግሞ አልችልበትም።

«አላውቅም፣ እማማ» አልኳት። «ሐኪሙም አያውቅም። ሆዷም ውስጥ ደምቷል። እግዚአብሔር ብቻ ነው የሚያውቀው።»

ዘወር ብላ አየችኝ።

«ክፉ አይደለሽም» አለች። «ግን ማጽናናት አታውቂም።»

ይህን ነገር ለንስሐ አባቴ በስልክ ነግሬያቸዋለሁ። «ዋሽተሽ ብታጽናኛት ውሸቱ ሲገለጥ ሁለተኛ ሐዘን ይሆንባት ነበር» አሉኝ። ለአከራዬም ነገርኳቸው፤ እሳቸው ግን ራሳቸውን ነቀነቁ። «እኔ ብሆን እዋሽላት ነበር፣ ልጄ። ከዚያ ጌታን ይቅርታ እለምናለሁ።» ሁለቱም ከልባቸው ነው የተናገሩት። እኔ በመካከላቸው ነኝ፣ እስካሁን። አሁን ትራክሽን በምገጥምበት ጊዜ ሁሉ ማሰሪያውን ከመጠቅለሌ በፊት የእናትን ወይም የባልን እጅ ወስጄ ተረከዙ ላይ አስቀምጠዋለሁ። ጉተታው ምን እንደሆነ በእጃቸው እንዲሰማቸው አደርጋለሁ። «ይህ ግንዘት አይደለም» እላለሁ፣ ባማርኛም በኦሮምኛም። «የርስዎ እጅ ነው፤ ብረቱ የርስዎን እጅ ተክቶ ነው የሚይዘው።» እሺ ይሉኛል፤ እኔ ግን እጃቸውን እንጂ አፋቸውን አላይም። ይህን ያስተማረኝ የእናቲቱ እጅ ነው፣ በዚያ ዳገት ላይ፣ ለእነሱ ከረፈደ በኋላ።

ልጅቷ በሞተች ማግስት ጠዋት ሬሳው ወደ አገሩ ከመመለሱ በፊት ገላዋን ለማጠብ ገባን፤ እናቲቱ፣ አንዲት የሆስፒታሉ ጽዳት ሠራተኛና እኔ። የሚያጥብ ሌላ ሰው ይገኝ ነበር፤ እሷ ግን «ያቺ የቡሬዋ ልጅ ትምጣ» ብላ አስጠራችኝ። ውኃውን አፈሰስን፣ ጠጉሯን አበጠርን። የተሰበረውን ጭን ሳጥብ ያለ ፍላጎቴ ተጠነቀቅሁ፤ ያማት ይመስል። በእግሯ ጀርባ ላይ የእስክርቢቶዬ መስቀል አለ፤ በውኃ አልለቀቀም። ላሸው ስል እናቲቱ እጄን ያዘችኝ።

«ተዪው። መስቀል ነው።»

ተውኩት። በነጭ አቡጀዲ ከመጠቅለሏ በፊት እግሮቿ መቃናት ነበረባቸው። ቀኙ ወደ ውጭ ዞሯል። ተረከዟን ያዝኩ፣ ሳብኩ፣ ቀጥ አደረግሁት፤ እናቲቱ እያየችኝ ነው። ከዚያ ከነጠላዋ ጫፍ ላይ ክር መዘዘች። ረጅም፣ ቀይ ክር፣ ከጥለቱ። ለእኔ ዘረጋችልኝ።

«እኔ አላስርም» አለች። «እኔ የፈታሁ ነኝ። አንቺ እሰሪ።»

ሁለቱን አውራ ጣቶች አገናኘሁ። ክሩን ዞር ዞር አድርጌ ቋጠርኩት፤ ላላ አድርጌ፣ ጣት የሚያስገባ ያህል፤ ሕያው ሰው ላይ ደም እንዳይዘጋ እንደምናደርገው። እጄ ሌላ አያውቅም። እናቲቱ ጎንበስ ብላ ቋጠሮውን በጣቷ ነካችው።

«አጥብቂው እንጂ፣ ልጄ» አለች። «ከእንግዲህ አልፈታውም።»